ሆራስ ማን፦ ጥብቅናውን ትቶ የመምህራን ማሠልጠኛ የከፈተው ሰው



በግድግዳ ጋዜጣችን የታላላቅ ሰዎች ሕይወት ዓምድ ዛሬ የምናቀርበው የሆራስ ማንን ታሪክ ነው። ስሙን በመኝታ ክፍል ባነሳን ቁጥር ማን? ብሎ ያልጠየቀን አልነበረም። እኛም አዎ፣ ማን! እያልን ስንመልስ ነገሩ በሳቅ ያልቃል። ሳቁ ይሁን። ነገር ግን ሰው ክፍል ገብቶ ከማስተማሩ በፊት ማስተማርን የሚማርበት ቤት በአሜሪካ በመንግሥት ገንዘብ እንዲከፈት ከሁሉ በላይ የደከመው ይህ ሰው ነው። እኛ ዛሬ ሠልጣኝ ተብለን መጠራታችን ከሱ ድካም ጋር ዝምድና አለው።

ይህን ሰው የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። በከተማ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር የምንዘጋጅ ሠልጣኞች ባቋቋምነው ክበብ ውስጥ ሰሞኑን ክርክር ተነሥቷል። ከፊሎቻችን የከተማ ትምህርት ቤት ምን ዝግጅት ይፈልጋል፣ ወንበሩም ሰሌዳውም አለ፣ ይልቅስ ክበቡ ጂንካ ላይ የምንመደብበትን መላ ይፈልግልን ባዮች ነን። ከፊሎቻችን ደግሞ ክበብ የምደባ ወረፋ መጠበቂያ አይደለም፣ ሙያ መማሪያ ነው እንላለን። ከኦሞ ወንዝ ዳር ከዱስ የመጣው ጓደኛችን ጂንካ ሲባል እጁን የሚያወጣው ብዙ፣ ዱስ ሲባል ግን ሁሉም ጫማውን የሚያይ ከሆነ ክበቡ ለማን ነው? ብሎ ጠይቆናል። እስካሁን የመለሰለት የለም። የሆራስ ማን ሕይወት ለክርክሩ ብዙ ነገር ያቀብላል ብለን ስላመንን እነሆ ጻፍነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆራስ ማን ሜይ 4 ቀን 1796 በማሳቹሴትስ ግዛት ፍራንክሊን በምትባል የገበሬዎች መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ ጦም አዳሪ ባይሆንም ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ልጆቹ ቀን እርሻ ላይ ይውላሉ፣ በትርፍ ሰዓታቸው ለባርኔጣ መሥሪያ የሚሸጥ ገለባ ይጎነጉናሉ። እናቱ ሰፌድ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጦ ያደገ ሰው ይህ ሥራ ጣትን ምን እንደሚያደርግ ያውቀዋል። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል፣ አስተማሪው አንድ ሰው፣ ቅጣቱ ደግሞ ብዙ ነበር። ሆራስ እስከ 15 ዓመቱ ድረስ በየትኛውም ዓመት ከ10 ሳምንት በላይ ትምህርት ቤት ውሎ አያውቅም።

ታዲያ ይህ ልጅ ከየት አነበበ? መንደሯ ስሟን ያገኘችው ከታዋቂው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ነዋሪዎቹ ስምህን ከወሰድን አይቀር ደወል ግዛልን ብለው ቢልኩበት እሱ በደወል ፈንታ 116 መጻሕፍት ላከላቸው። ከድምፅ ይልቅ አእምሮ ይበልጣል ማለቱ ነበር። መጻሕፍቱ ለነዋሪው ሁሉ በነፃ የሚታዋሱ ሆኑ። የሆራስ እውነተኛ ትምህርት ቤት ይኸው መደርደሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደወሉ ቢገዛ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልን ብዙ ተከራክረንበታል።

በ13 ዓመቱ አባቱ በሳንባ በሽታ ሞተ። በዓመቱ ወንድሙ ስቲቨን በእሑድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቀርቶ ወደ ውሃ ሄዶ ሰጠመ። የመንደሩ ሰባኪ በቀብሩ ላይ ሐዘንተኞቹን እንደማጽናናት በእሑድ የሚቀልዱ ወጣቶች ስለሚጠብቃቸው ቅጣት ሰበከ። ልጁ የእናቱን ለቅሶ ሰምቷል። በማስፈራራት የሚሰጥ ትምህርትን ዕድሜ ልኩን የጠላው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛም ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገዱ ፈጣን ነው። አንድ ተዘዋዋሪ አስተማሪ በስድስት ወር ላቲንና ግሪክኛ አስተምሮ ለብራውን ዩኒቨርሲቲ አበቃው። በ1816 በቀጥታ ሁለተኛ ዓመት ገባ፤ በ1819 ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ። እዚያው ጥቂት ጊዜ ካስተማረ በኋላ ሕግ ተማረ፣ በ1823 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በ1827 ለማሳቹሴትስ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተመረጠ። የአእምሮ ሕሙማን ከእስር ቤት ወጥተው ሆስፒታል እንዲገቡ ታግሎ በዉስተር ከተማ ሆስፒታሉን አስከፈተ። በ1830 አግብቶ በ1832 ሚስቱ ሞተችበት፤ ለብዙ ጊዜ ሰው የማይሆን መስሎ ነበር። በ1836 ግን የግዛቲቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። ቀጥሎ የሚጠብቀው የአገረ ገዥነት ወንበር ነው ይባልለት ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1837 ማሳቹሴትስ የትምህርት ቦርድ የሚያቋቁም ሕግ አወጣች። ቦርዱ ጸሐፊ ያስፈልገው ነበር። ሥራው ለማንም የሚያጓጓ አልነበረም፦ ደመወዙ ከጥብቅና ገቢ ያነሰ፣ ሥልጣኑ ከምንም የማይቆጠር። ጸሐፊው አስተማሪ መቅጠርም ማባረርም፣ ትምህርት ቤት መክፈትም መዝጋትም አይችልም። የሚችለው ዞሮ ማየት፣ ቁጥር መሰብሰብ፣ መጻፍና መናገር ብቻ ነው። ሆራስ ማን ተጠየቀ፣ ለጥቂት ሳምንት አሰበበት፣ ተቀበለ። ጥብቅናውን ዘጋ፣ ከምክር ቤቱ ወጣ። ወዳጆቹ ምን ነካው አሉ። ሰው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እንጂ በፈቃዱ ሲወርድ አይተው አያውቁም ነበር።

እኛ ደግሞ ይህን ስናነብ እርስ በርስ ተያየን። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ማስተማርን ወደን የገባን? ውጤቱ ለሌላ ስላልበቃ ነው የመጣሁት የሚል አለ፣ ቶሎ ደመወዝ ይገኝበታል ብሎ የመጣም አለ። ይህን ለማሳፈር አናነሣውም። ሆራስ ማን ግን የትኛውም በር ክፍት ሆኖለት ሳለ ይቺኛዋን በር መርጦ መግባቱ ያስገርማል ለማለት ነው።

በፈረስ ሆኖ ከከተማ ከተማ ዞረ። ያየው ነገር ሲበዛ የሚያሳዝን ነበር። ከብት የማይታሰርበት ቤት ለልጆች ተሰጥቶ አየ፤ መስኮት የለው፣ መቀመጫው ለልጅ እግር የማይሆን። ከዚህም የከፋው አስተማሪው ነበር። ማስተማር ሌላ ሥራ እስኪገኝ ድረስ ክረምቱን የሚያሳልፉበት ነገር እንጂ ሙያ ተብሎ የሚታሰብ አልነበረም። ማንበብ የቻለ ሁሉ ማስተማር ይችላል ይባል ነበር። ሆራስ ማን በዓመት አንድ ጊዜ ለቦርዱ ሪፖርት ይጽፋል፤ በ12 ዓመት 12 ሪፖርት ጻፈ። ከ1838 ጀምሮም ለመምህራን የሚሆን መጽሔት አዘጋጀ። በፒትስፊልድ ከተማ ለመምህራን በተጠራ ስብሰባ ላይ ቤቱ ሳይጠረግ ቢያገኘው ከአገረ ገዥው ከብሪግስ ጋር መጥረጊያ ተውሰው ሁለቱ አዳራሹን ጠረጉት። አስቡት እንግዲህ፤ አንድ ባለሥልጣን መጥረጊያ ይዞ!

አሁን ወደ ማሠልጠኛው እንምጣ። በ1838 ኤድመንድ ድዋይት የሚባል ሀብታም ነጋዴ፣ መንግሥት ያንኑ ያህል የሚጨምር ከሆነ ብሎ 10,000 ዶላር ሰጠ። ምክር ቤቱም ጨመረ። በዚህ ገንዘብ ጁላይ 3 ቀን 1839 በሌክሲንግተን ከተማ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የመጀመሪያው የአሜሪካ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ለሴቶች ብቻ ነበር። በመክፈቻው ቀን ስንት ሠልጣኝ የመጣ ይመስላችኋል? ሦስት። ሦስት ልጃገረዶች ብቻ ናቸው ፈተና ወስደው የገቡት። ዳይሬክተሩ ሳይረስ ፒርስ ተስፋ ሳይቆርጥ በሦስት ሠልጣኝ ሥራ ጀመረ፤ እሱ ራሱ አስተማሪ፣ እሱ ራሱ ምድጃ ለኳሽ ሆነ። ሠልጣኞቹ ያስተምሩት ዘንድ የአካባቢው ልጆች የሚማሩበት የልምምድ ትምህርት ቤት ከጎኑ ከፈተ። ዛሬ እኛ የትምህርት ዕቅድ ይዘን እየተንቀጠቀጥን የምንገባበት የማስተማር ልምምድ ያኔም ነበር ማለት ነው። መንቀጥቀጡም አብሮ ሳይኖር አይቀርም።

ወዲያው ሌሎች ሁለት ማሠልጠኛዎች ተከተሉ፤ አንዱ በባሪ፣ ሌላው በብሪጅዎተር። ተቃዋሚዎቹ ግን አልተኙም። በ1840 ቦርዱም ማሠልጠኛዎቹም ይዘጉ የሚል ሐሳብ በምክር ቤት ቀርቦ 182 ደግፈው፣ 245 ተቃውመው ወደቀ። የ63 ሰው ልዩነት ነው ያተረፋቸው። ክርክሩ ደግሞ ለእኛም ጆሮ አዲስ አይደለም፦ ማንም የተማረ ሰው ማስተማር ከቻለ ለአስተማሪ ልዩ ትምህርት ቤት ገንዘብ ማባከን ምን ይሠራል? የሚል ነበር።

በ1843 ሆራስ ማን ሜሪ ፒቦዲን አገባ። ሌላው ሙሽራ ለሽርሽር ሲሄድ እነሱ የአውሮፓን ትምህርት ቤቶች ለማየት መርከብ ገቡ። በፕሩሲያ፣ ማለትም በዛሬዋ ጀርመን፣ ያየው ነገር ልቡን ነካው። አስተማሪዎቹ ሠልጥነው የወጡ ናቸው። መጽሐፍ ላይ አቀርቅረው ሳይሆን ቆመው፣ ልጆቹ መሐል እየተዘዋወሩ፣ ከራሳቸው እያወጡ ያስተምራሉ። በቆየባቸው ሳምንታት አንድም ልጅ ሲመታ፣ አንድም ልጅ ሲያለቅስ እንዳላየ ጻፈ። ይህን በሰባተኛው ሪፖርቱ ላይ ዘርዝሮ አቀረበ።

በዚህ ጊዜ ነው ከተማይቱ የተቆጣችው። ቦስተን የግዛቲቱ ዋና ከተማ ናት። የቦስተን ትምህርት ቤቶች በደመወዝም በሕንፃም ከሁሉ የተሻሉ ነበሩ፤ መምህራኖቻቸውም ከእኛ በላይ ማን አለ የሚሉ ነበሩ። ሪፖርቱ የአውሮፓን መምህራን ሲያሞግስ እነሱን እንደ ሰደበ ቆጠሩት። በ1844 ሠላሳ አንድ የቦስተን መምህራን ተባብረው 144 ገጽ የሆነ መልስ አሳተሙ። አለንጋ ከሌለ ሥርዓት የለም፣ ፍቅርና ማግባባት የሚሉት የወንበር ላይ ሰው ወሬ ነው፣ ማሠልጠኛ የተባለውም ገና ያልተፈተነ ነገር ነው አሉ። ሆራስ ማን ከዚያ የሚረዝም መልስ ጻፈ። እነሱም መለሱ፣ እሱም ደገመ። እውነቱን ለመናገር እሱም ብዕሩ ሲቆጣ የሚያሳርፈው አልነበረም፤ ለአንድ ሥራ የሚደክሙ ሰዎችን በአደባባይ ማዋረድ ደስ አይልም። መምህራኑም በትልልቅ ክፍሎች ውስጥ ብዙ ልጅ ተሸክመው የሚውሉ መሆናቸው ሊረሳ አይገባም ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ በክርክር ብቻ አልቀረም። በ1845 የሆራስ ማን ወዳጅ ሐኪሙ ሳሙኤል ሃው የቦስተን የትምህርት ኮሚቴ አባል ሆኖ ስለ ነበር ያልተለመደ ነገር አመጣ። እስከዚያ ድረስ ፈተና ማለት እንግዳ በተጋበዘበት ቀን ጎበዞቹ ተማሪዎች ተነሥተው የሸመደዱትን የሚያነበንቡበት በዓል ነበር። ኮሚቴው ግን ጥያቄ አሳትሞ፣ ሳይነገር፣ በአንድ ጊዜ፣ 500 ለሚሆኑ ምርጥ ተማሪዎች በጽሑፍ አቀረበ። ውጤቱ ከተማዋን አስደነገጠ። ልጆቹ ከተጠየቁት አብዛኛውን አልመለሱም። የአንድ ጦርነት ዓመተ ምሕረት የሚያውቅ ልጅ ጦርነቱ ስለምን እንደ ተደረገ አያውቅም። የወንዝ ስም የሚጠራ ልጅ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ አልገባውም። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ በሚቀጥለው ዓመት ቦታቸውን አጡ።

እኛ በክበባችን በዚህ ላይ ሁለት ምሽት ተነጋግረናል። የቦስተን ሰዎች ሰሌዳ ነበራቸው፣ መጽሐፍ ነበራቸው፣ ወንበር ነበራቸው። ያጡት ልጁ ገብቶታል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ አስተማሪ ነው። በዚያው ዘመን ደግሞ ከአየርላንድ ረኃብ የሸሸ ሕዝብ በመርከብ ወደ ቦስተን ይጎርፍ ነበር፤ የከተማው ክፍል በየወሩ መልኩ ይለወጣል። ጂንካስ? በአንድ ክፍል ውስጥ የአሪ ልጅ፣ የሐመር ልጅ፣ የበና ልጅ፣ የማሌ ልጅ፣ ከሰሜን የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እቤት የሚነገረው ሌላ፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ሌላ። ወንበሩ መኖሩ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ከዱስ የመጣው ጓደኛችን ጂንካ ትምህርት ቤት የገባው ካሮኛ ብቻ እየተናገረ ነው። ከተማ ማለት ለሱ ቀላል ቦታ አልነበረም።

ሆራስ ማንን ስናመሰግን እንከኑንም እንንገር። ሴቶችን ወደ መምህርነት ያመጣ ሰው ነው፤ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ግን ደመወዛቸው ከወንዶች ያነሰ በመሆኑ ወጪ ይቀንሳል የሚል ነበር። በክበባችን ያሉ እኅቶቻችን ይህን ሲሰሙ የተናገሩትን እዚህ አንጽፈውም። ሌላው ደግሞ በዚያ ዘመን በቦስተን የጥቁሮች ልጆች በተለየ ትምህርት ቤት ነበር የሚማሩት። ወላጆቻቸው ይህ ይቅርልን ብለው ሲታገሉ ሆራስ ማን ሥራዬ ይበላሻል ብሎ ሳይሆን አይቀርም ድምፁን አላሰማም። የባርነት ተቃዋሚው ዌንደል ፊሊፕስ በዚህ አጥብቆ ወቅሶታል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። በሌላ በኩል ማሠልጠኛው ወደ ዌስት ኒውተን ከተዛወረ በኋላ አንዲት ጥቁር ልጃገረድ ሠልጣኝ ሆና ስትገባ የሚያሳድራት ቤት ብታጣ እሱና ሜሪ ከቤታቸው አስገቧት። ሰው እንዲህ ነው፤ በአደባባይ ዝም ያለው በጓዳው በሩን ይከፍታል።

በ1848 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ሲሞት ሆራስ ማን በሱ ቦታ ለአሜሪካ ኮንግሬስ ተመረጠና የቦርዱን ሥራ ለቀቀ። እዚያ ዝም አላለም፤ ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ተከራከረ። ባሪያዎችን በመርከብ ለማስመለጥ ሲሞክሩ ለተያዙ ሰዎችም ጠበቃ ሆኖ ቆመ። እሱ የለፋበት ነገርም አልተቋረጠም፤ ማሳቹሴትስ በ1852 ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ግዴታ ነው ብላ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ ተሸነፈ።

ከዚያ ወደ ኦሃዮ ግዛት ሄዶ በ1853 አዲስ የተከፈተውን የአንቲዮክ ኮሌጅ መምራት ጀመረ። ኮሌጁ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ዓይነት ትምህርት ያስተምር ነበር። ከመምህራኑ መካከል የሱ የእኅት ልጅ ርብቃ ፔኔል ነበረች። ርብቃ የሌክሲንግተኑ ማሠልጠኛ ፍሬ ናት፤ በአንቲዮክ ከወንድ ባልደረቦቿ እኩል ማዕርግ ያላት ፕሮፌሰር ሆነች። ሴት በርካሽ ትቀጠራለች ብሎ የጻፈው ሰው መጨረሻው ላይ እዚህ ደረሰ። ኮሌጁ ግን ገንዘብ አልነበረውም። ዕዳው በዝቶ በ1859 በሐራጅ ተሸጠ፤ ወዳጆቹ ተረባርበው መልሰው ገዙት። ሆራስ ማን በዚያው ክረምት፣ ተማሪዎቹን አስመርቆ ጥቂት ሳምንታት እንደ ቆየ፣ ኦገስት 2 ቀን 1859 በ63 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ በፕሮቪደንስ ከተማ ነው።

ሐሳቡ ሩቅ ተጓዘ። በ1847 የአርጀንቲናው ዶሚንጎ ሳርሚየንቶ እስከ ቤቱ ድረስ መጥቶ ጠይቆት ነበር፤ ሜሪ እያስተረጎመች ሁለቱ ሲያወሩ ሰነበቱ። ይህ ሰው በ1868 የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነና ከአሜሪካ ሴት መምህራን አስመጥቶ ማሠልጠኛዎች አስከፈተ። በእኛም አገር የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1944 ነው፤ ከሌክሲንግተን 105 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ስለ ክበብ ከተነሣ ደግሞ፦ በ1937 የአሜሪካ መምህራን ብሔራዊ ማኅበር ሆራስ ማን ያን አነስተኛ ደመወዝ ያለውን ሥራ የተቀበለበትን 100ኛ ዓመት አከበረ። የወደፊት የአሜሪካ መምህራን የሚባል የተማሪዎች ድርጅት አቋቋመ፤ ሐሳቡን ያመጣው የማኅበሩ መጽሔት አዘጋጅ ጆይ ኤልመር ሞርጋን ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በኮሌጆች ክበቦች ተከፈቱ። የኮሌጁ ክፍል በ1957 የመምህራኑ ማኅበር የተማሪዎች ቅርንጫፍ ሆነ። ወጣቱ ገና ተማሪ ሳለ መምህርነትን ቀረብ ብሎ እንዲያየው፣ ሲገባም አውቆ እንዲገባ ነበር የታሰበው። ስለ ምደባ ቦታ የሚያወራ ነገር ከመነሻው የለበትም።

የክበባችን ቀጣይ ስብሰባ ረቡዕ ከእራት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ነው። ለውይይት የሚቀርበው የቦስተኑ የጽሑፍ ፈተና ሲሆን፣ ከዱስ የመጣው ጓደኛችን ደግሞ ካሮኛ ለሚናገሩ የአንደኛ ክፍል ልጆች የሚሆን የመጀመሪያ ሳምንት የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ጂንካ ለመመደብ የምንፈልግ ሁሉ እንድንመጣ አደራ ብሏል፤ ጠመኔ የምናመጣው እኛ ነን።